መንጠቆ፣ ቀሰምና ሐይቅ

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለውን ተረት የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ አይገኝም። ሁላችንም የምናውለው ነገር ፈላጊን ለመገሠጽ፣ ያለፈ ጉዳይ ቆስቋሽን ለማስፈራራት ነው። ይሁን እንጂ ምሳሌነቱን ለጊዜው ወደ ጎን ትተን ቃሉን እንደ ቃል ብንመረምረው የአንድ ጥንታዊ ሙያ ቅሪት ሆኖ እናገኘዋለን። ጎርጓሪው ማነው? በወንዝ ዳር ተንበርክኮ፣ ክንዱን እስከ ብብቱ ውሃ ውስጥ ሰድዶ፣ በድንጋይ ሥርና በዛፍ ሥር ስርቻ የተሸሸገውን ዓሣ በመዳፉ የሚፈልግ ሰው ነው። መንጠቆ የለውም፤ መረብም የለውም፤ መሣሪያው ጣቱ ነው። ዘንዶውም ቢሆን ለተረት ማሳመሪያ የመጣ አይመስለኝም፤ እጁን ወደማያየው ጨለማ የሚሰድድ ሰው ሁሉ በሆዱ የሚይዘው ሥጋት ነው። መንጠቆ የተባለው ነገር የተፈለሰፈው እንግዲህ ጣት ወደማይደፍርበት የሚሄድ ሌላ ጣት ለማግኘት ነው ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም።

ቋንቋችን ስለዚህ ሙያ የያዘው ምስክርነት በዚህ አያበቃም። «መንጠቆ» የሚለው ስም «ነጠቀ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን ነጣቂ መሣሪያ ማለት ነው። «አጥማጅ» ደግሞ ከ«ጠመደ» ጋር አንድ ሥር አለው፤ ገበሬ በሬውን ይጠምዳል፣ ዓሣ አጥማጁም ዓሣውን ያጠምዳል፣ «ወጥመድ»ም ከዚያው ቤት የወጣች እኅት ናት። ሦስቱም ሕይወት ያለውን ኀይል ከፈቃዱ ውጭ ከሰው ፍላጎት ጋር ማሰርን ያመለክታሉ። የሚያሳዝነው ግን በሬ ጠማጁ በዘፈኑም በቅኔውም ሲወደስ፣ አዳኙ በፉከራው ሲኮራ፣ የዓሣ አጥማጁን ፉከራ የሰማ ሰው ጥቂት መሆኑ ነው። ቤተ ክህነቱ ከማቴዎስ ወንጌል ጴጥሮስ ወደ ባሕር መንጠቆ እንዲጥልና ከመጀመሪያው ዓሣ አፍ ገንዘብ እንዲያወጣ የታዘዘበትን ታሪክ እየተረጎመ ለዘመናት ኖሯል። ስለዚህ አብዛኛው የደጋ ሰው መንጠቆን በዓይኑ ከማየቱ በፊት በጆሮው ያውቀው ነበር ማለት ይቻላል።

በአገራችን ከመንጠቆ ይልቅ ሰፊ ታሪክ ያለው የማጥመጃ ብልሃት ብርብራ ነው። የዚህን ዛፍ ፍሬ አድርቀውና ወቅጠው ዱቄቱን በተገደበ የወንዝ ውሃ ላይ ሲበትኑት ዓሣው እየተንጠራወዘ ወደ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሰዎችም በቅርጫት ይለቅሙታል። ሳይንስ ኋላ እንዳረጋገጠው በፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የተባለ ኬሚካል ስላለ የዓሣው ሰውነት በስንጥቡ የሳበውን ኦክስጅን ሊጠቀምበት እንዳይችል ያደርገዋል። አያቶቻችን ስሙን ባያውቁትም ሥራውን ያውቁት ነበር። ብልሃቱ ግን አንድ ጉድለት ነበረው፤ ትልቁንና ትንሹን፣ እንቁላል የያዘችውንና ያልያዘችውን አይለይም። ይህን ነጥብ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ ተመልሰን እንደርስበታለንና።

ወደ ስምጥ ሸለቆው እንውረድ። ከአዳማ ወደ ደቡብ በሞጆ፣ በቆቃና በመቂ አድርጎ እስከ ሻሸመኔ የሚዘልቀውን መንገድ የሚከተል መንገደኛ ከቆቃ ግድብ ውሃ በኋላ አራት ሐይቆችን ያልፋል። በመጀመሪያ ኦሮሞዎች ሀሮ ደንበል የሚሉት የዝዋይ ሐይቅ ይመጣል። ስፋቱ ከ400 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ጥልቀቱ ግን በአማካይ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ትልቅ ሰሐን ነው ቢባል ያስኬዳል። ቀጥሎ ላንጋኖ፣ አብጃታና ሻላ ይከተላሉ። ሻላ 266 ሜትር የሚጠልቅ የአገራችን ጥልቁ ሐይቅ ነው። የመሬት ጥናት ሊቃውንት እንደሚሉት ከብዙ ሺሕ ዓመታት በፊት ዝናቡ በበረከተበት ዘመን እነዚህ አራቱ አንድ ትልቅ ባሕር ነበሩ። በዚያው የዝናብ ዘመን ከታችኛው ኦሞ እስከ ቱርካና ዳርቻ ይኖር የነበረ ሰው አጥንት እየሳለ፣ በጎኑም ጥርስ እያወጣለት ዓሣ ይወጋበት ነበር፤ የአጥንት ጦሮቹ በቁፋሮ ተገኝተዋል። ያ ወደ ኋላ የተመለሰ የጦር ጥርስ ዛሬ ከመንጠቆ ጫፍ ሥር የምናየው ትንሽ እሾህ አያት ነው። የገባ እንዳይወጣ የሚያደርገው እርሱ ነው።

የደንበል ሐይቅ ታሪክ ግን ያለ ዘይ ሕዝብ አይነገርም። አምስት ደሴቶች አሉ፤ ትልቋ ቱሉ ጉዶ ናት። የዘይ ሽማግሌዎች ሲናገሩ አባቶቻቸው በዮዲት ዘመን ከአክሱም ታቦተ ጽዮንን ይዘው ሸሽተው በዚህች ደሴት አስጠጓት ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ በግራኝ ዘመን ከሸዋ የተሰደዱ እንደሚገኙባቸው ይናገራሉ። ትውፊቱን ትውፊት ብለን እንተወው። ቋንቋቸው ሴማዊ መሆኑና በደሴቲቱ ቤተ ክርስቲያን የብራና መጻሕፍት ተጠብቀው መኖራቸው ግን የታወቀ ነው። ምኒልክ አርሲን እስካስገበሩበት ዘመን ድረስ በውሃ ታጥረው ሲኖሩ ተዳፋቱን በእርከን እያረሱ፣ ሸማ እየሠሩ፣ በደንገልና በቄጠማ ታንኳ እየቀዘፉ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ከዳር ያለው ከብት አርቢ ሕዝብ በወተትና በሥጋ ለሚኖር ኑሮው ዓሣን እንደ ምግብ አይቆጥረውም ነበር። ጣና ላይ ወይጦዎች እንደተናቁ ሁሉ ከውሃ የሚኖር ሰው በብዙ የአገራችን ክፍል ዝቅ ተደርጎ ይታይ ነበር። ደሴቶቹ ለዘይ ሰው ምሽግም መታሰሪያም ነበሩ፤ ዓሣው ደግሞ ለዚያ እስር ቤት ስንቅ ነበር። እኛ ዛሬ በአዳማ ሆቴሎች ተቀምጠን ዓሣ ጎላሽ ስናዝ የማን እንጀራ እንደሆነ አናስታውስም።

የውጭ ሊቃውንት መጥተው ዓሣዎቻችንን ስም አውጥተው መመዝገባቸውም የዚህ ታሪክ አንድ ምዕራፍ ነው። ከመቂ ወንዝ የተገኘች አንዲት ትንሽ ዓሣ በ1904 እ.ኤ.አ. በለንደን ሊቅ በቡለንገር ተመዝግባ ዛሬ «ጋራ ማኪየንሲስ» ትባላለች፤ የመቂዋ ጋራ ማለት ነው። የመቂ ሰው ግን የወንዙ ስም በዓለም የሳይንስ መዝገብ ላይ መግባቱን እስከ ዛሬ የሚያውቅ አይመስለኝም። በ1926 እና 1927 እ.ኤ.አ. ከካምብሪጅ የመጡ ተመራማሪዎች ሐይቆቹን አጠኑ። ጣሊያኖችም በወረራቸው ዘመን የዓሣውን ሀብት የሚመዝኑ ባለሙያዎች ልከው ውጤቱን በ1941 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል፤ መጽሐፉ ሲወጣ ግን ግዛታቸው ፈርሶ ነበር።

ከዚያው ወረራ ጋር የተያያዘ ሌላ ውሃ አለ። ጣሊያን ለጦርነቱ በከፈለችው ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ሲጠናቀቅ አዋሽ ተገታ፤ ትናንት እርሻና ግጦሽ የነበረ ሜዳ በአንድ ጊዜ ባሕር ሆነ። ስሙም የገሊላ ባሕር ተባለ። ስሙን ያወጣው ሰው ጴጥሮስንና እንድርያስን ሳያስብ አልቀረም። ግድቡ የተሠራው ለመብራት ኀይል ነው፤ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ደግሞ ከ1946 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያው በአዋሽ ውሃ ሸንኮራውን ያለማ ነበር። ዓሣውን ያሰበው አልነበረም። ዓሣው ግን ሰው እስኪያስብለት አልጠበቀም፤ ቆሮሶውም አምባዛውም በአዲሱ ባሕር ተራባ። መሬቱ በውሃ የተዋጠበት ገበሬ ልጅ አባቱ ያረሰበትን ቦታ በጀልባ እያቋረጠ መረብ ጣለ። «ጠመደ» እና «አጠመደ» በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በአንድ ትውልድ ሲለዋወጡ ማየት ለተውኔት ጸሐፊ ትልቅ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ለመጻፍ ተነሥቼ እስካሁን አልተሳካልኝም።

በዚህ ዘመን ነው እንግዲህ ሁለተኛው ዓይነት አጥማጅ በሐይቆቻችን ዳር ብቅ ያለው፤ ለእራቱ ሳይሆን ለመዝናናት የሚያጠምደው። እርሱን ለመረዳት ከአገር ወጣ ማለት ያስፈልጋል።

ለመዝናናት ማጥመድን በመጽሐፍ የያዘ ጽሑፍ በእንግሊዝ አገር በ1496 እ.ኤ.አ. ታትሟል። መሣሪያውን ግን እጅግ የለወጡት በአሜሪካ «ባስ» የሚባለውን ዓሣ የሚከታተሉ ሰዎች ናቸው። ባስ አፈ ሰፊ፣ ሆዳምና ቁጡ ዓሣ ነው፤ ከወደቀ ግንድ ሥር ወይም ከቄጠማ ውስጥ አድፍጦ የሚያልፈውን ሁሉ ይዘልበታል። እንዲህ ላለው ዓሣ መንጠቆን በትል ሸፍኖ መቀመጥ ብቻ አይበቃም፤ እየሸሸ የሚመስል ነገር ከፊቱ ማሳለፍ ያሻል። ስለዚህም በ19ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ በኬንተኪ የሚኖር ስናይደር የተባለ ሰዓት ሠሪ የሰዓት ጥርሶችን ከክር ማጠንጠኛ ጋር አዋሕዶ እጀታው አንድ ጊዜ ሲዞር ክሩ ብዙ ጊዜ የሚጠቀለልበትን መሣሪያ ሠራ። በ1881 እ.ኤ.አ. ሄንሻል የተባለ ሐኪም ስለዚሁ ዓሣ ብቻ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጻፈ። በ1936 እ.ኤ.አ. በፊንላንድ ራፓላ የተባለ ድሃ አጥማጅ ከዛፍ ልጥ የዓሣ ምስል ቀርጾ በቸኮሌት መጠቅለያ ብልጭልጭ ወረቀት አለበሰው። በ1949 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኦሃዮ ክሪም የተባለ ሰው ከፕላስቲክ ትል ቀለጠለት። ሁሉም እውነተኛ ሲሳይ ሳይኖር ሲሳይ ያለ ማስመሰል ነው። ከቲያትር ጋር የሚቀራረብበት ምክንያት ይታየኛል፤ ልዩነቱ ተመልካቹ የመግቢያውን ዋጋ በሕይወቱ መክፈሉ ነው።

ከእነዚህ ፈጠራዎች ሁሉ ልቤን የሚስበው ግን የኢሊንግዎርዝ ነው። እርሱ በብራድፎርድ ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሰው ነበር። በፋብሪካው ክሩ ከቆመ ቀሰም ላይ በጫፉ በኩል እየተንሸራተተ ያለ ውዝግብ ሲወጣ ይመለከታል። ይህንኑ ወደ ዓሣ ማጥመጃ አዛወረውና በ1905 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። እስከዚያ ድረስ ማጠንጠኛው ራሱ እየተሽከረከረ ክሩን ስለሚለቅ ቀላል ነገር አርቆ መወርወር አይቻልም ነበር፤ ከዚያ በኋላ ማጠንጠኛው ቆሞ ክሩ ብቻ ይሄዳል። በ1938 እ.ኤ.አ. ናይሎን ለዓለም ሲተዋወቅ ቀጭን፣ ብርቱና በውሃ ውስጥ የማይታይ ክር ተጨመረለትና መሣሪያው ተሟላ። የኛ ዘይ ሰው በአንድ እጁ ታንኳ እየቀዘፈ በሌላው ሸማ ሲሠራ ኖሯል፤ ቀሰሙና መንጠቆው በአንድ ጎጆ ውስጥ፣ ምናልባትም በአንድ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ነበር። ሁለቱን ያገናኘው ሰው ግን በብራድፎርድ ተወለደ። ይህን የምለው ለቁጭት አይደለም፤ አዲስ ነገር የሚወለደው ሁለት ሙያ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኝና ያም ሰው ትርፍ ጊዜ ሲኖረው መሆኑን ለማሳየት ነው። በደሴት የተከበበ ሰው ትርፍ ጊዜ አልነበረውም።

የባስ ወዳጆች መሣሪያውን ብቻ ሳይሆን ዓሣውንም ይዘው ዞረዋል። የእኛው ስምጥ ሸለቆ ወደ ደቡብ ሲዘልቅ በሚያገኘው በኬንያው ናይቫሻ ሐይቅ ባስ በ1929 እ.ኤ.አ. ተለቅቋል። ወደ እኛም በ1960ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ከኬንያ የመጣ ትራውት የተባለ የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ገብቶ ዛሬም ድረስ አለ። በዝዋይም ቢሆን ከውጭ የገቡ የቆሮሶ ዘመዶችና ካርፕ ተጨምረዋል፤ አምባዛም እዚያ ሐይቅ የደረሰው በቅርብ ዘመን ነው። በባዕድ ዓሣ መጫወት ቀላል ጨዋታ እንዳልሆነ የቪክቶሪያ ሐይቅ ያስተምራል፤ በሃያኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ላይ የተለቀቀው ናይል ፐርች ብዙ የአገሬው ትናንሽ ዓሣ ዘሮችን አጥፍቷል። እኛ ጋ ናይል ፐርች በአባያና በጫሞ ተወላጅ ነው፤ ከ100 ኪሎ በላይ የሚመዝንም ይገኝበታል። በጠባይ ከባስ ጋር የሚመሳሰልና የወርዋሪውን ጉጉት የሚያረካ ዓሣ የሚፈልግ ሰው ወደ አርባ ምንጭ መውረድ ይኖርበታል።

ከአዲስ አበባና ከአዳማ የሚነሣው የቅዳሜና እሑድ አጥማጅ ግን የሚያርፈው ላንጋኖ ነው። የበቀለ ሞላና የዋቢ ሸበሌ ሆቴሎች በዳርቻው ከተሠሩ ወዲህ ያ ቡናማ ውሃ ቢልሃርዝያ የለበትም እየተባለ የዋናተኛ መናኸሪያ ሆኗል። የውጭ አገር ሰዎች ዘንጋቸውን ይዘው መጡ፤ የዳርቻው ልጆች ትል እየቆፈሩ፣ የተያዘውን እየተሸከሙ ሙያውን ተማሩ። እንግዳው ሲሄድ የተሰበረ ዘንግ፣ የተወሳሰበ ናይሎን፣ አንዳንዴም የዛገ መንጠቆ ትቶ ይሄዳል፤ ልጁ ናይሎኑን በትዕግሥት ፈትቶ በባዶ ጣሳ ላይ ይጠቀልለዋል። ጣሳውን በግራ እጁ ይዞ አፉን ወደ ውሃው ሲያዞርና በቀኙ እርሳስ ያንጠለጠለውን ጫፍ ሲወረውር ክሩ ከጣሳው አፍ እየተንሸራተተ ይወጣል። ይህ የኢሊንግዎርዝ ቀሰም አይደለምን? ያለ ፋብሪካና ያለ መብት ምዝገባ እንደገና ተፈለሰፈ።

እኔም በወጣትነቴ ከውጭ የመጣ፣ ማንኪያ የመሰለ የሚያብለጨልጭ ሐሰተኛ ማባበያ አግኝቼ በኩራት ወደ ዝዋይ ወርጄ ነበር። ከማለዳ እስከ እኩለ ቀን ስወረውርና ስስብ ዋልሁ፤ ክንዴ ዛለ፣ የነካኝ ዓሣ የለም። አጠገቤ መረባቸውን የሚጠግኑ አንድ የዘይ ሽማግሌ ብዙ ሲመለከቱኝ ቆዩና «ልጄ፣ የምትፈልገው ምንድን ነው?» አሉኝ። «ቆሮሶ ነው አባባ» አልኋቸው። ሳቁና «ቆሮሶ በግ ነው እንጂ ጅብ አይደለም፤ ሲሮጥለት አይከተልም» አሉ። ከዚያ ቀን የበለጠ የሥነ ሕይወት ትምህርት ተምሬ አላውቅም።

እውነትም ቆሮሶ ግጦሽ ነው ኑሮው፤ በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፈውን አረንጓዴ ደቂቅ ዕፅና በድንጋይና በቄጠማ ላይ የሚበቅለውን ይለቅማል። አፉ ትንሽ ስለሆነ መንጠቆውም ትንሽ፣ ክሩም ቀጭን መሆን አለበት። የሊጥ እንክብል ወይም ቁራጭ ትል አድርጎ በቄጠማው ጠርዝ፣ አንድ ሜትር በማይሞላ ጥልቀት፣ በቡሽ ተንሳፋፊ አንጠልጥሎ ዝም ማለት ነው። ቡሹ ሲነቀነቅ የሚስብ ሰው ባዶ መንጠቆ ያወጣል፤ ዓሣው ገና እየቀመሰ ነውና። ቡሹ ወደ ጎን መንሸራተት ሲጀምር፣ ያን ጊዜ፣ በክርን ሳይሆን በእጅ አንጓ ብቻ ቀለል አድርጎ ማንሣት ይበቃል። ዝዋይ ጥልቀት ስለሌለው ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ይናወጣል፤ ማለዳው ነው የአጥማጅ ሰዓቱ።

አምባዛ የተለየ ፍጥረት ነው። በአፉ ዙሪያ በተዘረጉት አራት ጥንድ ሪዞቹ ጭቃውን እየዳሰሰና እያሸተተ በሌሊት ይሄዳል። ማየቱ ብዙም አያስፈልገውም። ስለዚህ ለእርሱ የሚሆነው የሚሸት ነገር ነው፤ የዶሮ አንጀት፣ ጉበት፣ የዓሣ ቁራጭ። መንጠቆው ትልቅ፣ ክሩ ወፍራም፣ እርሳሱ መሬት የሚያስነካ ይሁን። ጭንቅላቱ የአጥንት ቁር የለበሰ በመሆኑ ሲስቡ ጠንከር ማለት ያሻል። አየር መተንፈስ ስለሚችል ከውሃ ከወጣ በኋላም ለብዙ ሰዓት አይሞትም፤ በክንፎቹ ላይ ያለው እሾህም የጀማሪን መዳፍ ይቀድዳል።

ሦስተኛው ሊቃውንቱ ላቤኦባርቡስ የሚሉት፣ ከንፈረ ወፍራም ባለ ሪዝ ዓሣ ነው። ዝናቡ ሲገባ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ወንዞች ይወጣል። ከሦስቱ የወርዋሪውን ማንኪያ የሚያሳድደው እርሱ ነው። የላንጋኖ ውሃ በረቂቅ ሸክላ የደፈረሰ ስለሆነ ብልጭታው ብዙም ሩቅ አይታይም፤ እየተሽከረከረ ውሃውን የሚያንቀጠቅጥ ማባበያ ግን በጎኑ ላይ ባለው የስሜት መስመር ይሰማዋል። እንዲህ ያለውን ብርቱ ሯጭ የሚይዝ ሰው ማጠንጠኛው ላይ ያለውን ፍሬን ክሩ ከሚችለው ኀይል በታች ማላላት ይገባዋል፤ ሲሮጥ ክር መስጠት፣ ሲደክም መሰብሰብ ነው። ናይሎን ደግሞ የሚያዳልጥ ክር ነው። ከመንጠቆው ቀለበት አሳልፈው በራሱ ላይ አምስት ጊዜ ካልጠመዘዙት፣ ከመጥበቁም በፊት በምራቅ ካላራሱት፣ ቋጠሮው በመጨረሻዋ ደቂቃ ይከዳል። ብዙ ትልቅ ዓሣ የጠፋው በሐይቁ ጥልቀት ሳይሆን በዚህች ቋጠሮ ነው።

አሁን ወደ ብርብራው ነገር እንመለስ። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች፤ ጫጩቶቿም ሥጋት ሲያዩ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። በዚያ ጊዜ ምግብ ትተዋለች ማለት ይቻላል፤ ጾመኛ ናት። ስለዚህ መንጠቆ አብዛኛውን ጊዜ አያገኛትም፤ መንጠቆ የሚይዘው የተራበውንና አፉን የከፈተውን ነውና። መረብ ግን ማን ጾመ ማን አልጾመም ብሎ አይጠይቅም። በመረብ ዓይን የሚወሰነው የአካል ውፍረት ብቻ ነው፤ ዓይኑ ሲጠብ ደግሞ ያልወለደውም ያልቃል። ብርብራው ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን በጥቅል እየተሸጠ። መረብ የሚጥለውን ሰው መውቀስ ግን አይቀናኝም። በሁዳዴ የከተማው ገበያ ዓሣ ሲጠራ፣ ነጋዴው በዳርቻው ቆሞ ሲጠብቅ፣ አምስት ልጆች ያሉት ሰው በአንድ መንጠቆ ቡሽ ሲመለከት እንዲውል መምከር የጠገበ ሰው ምክር ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል፤ ሕጉ ስለ ማጥመጃ መሣሪያም ይናገራል። ሕግ ሐይቁ ዳር ደርሶ ከገበያ ጋር ሲጋጠም ማን እንደሚያሸንፍ የባቱን ወደብ ማለዳ ያየ ሁሉ ያውቀዋል።

በአሜሪካ የባስ ተወዳዳሪዎች ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የያዙትን ዓሣ መዝነው በሕይወቱ ወደ ውሃው መመለስን ልማድ እያደረጉ መጥተዋል። ይህን ለዚያ ለዝዋይ ሽማግሌ ባወራላቸው ምን እንደሚሉ አስባለሁ። ምናልባት «እንግዲያስ ለምን ወጋችሁት?» ይሉ ይሆናል። ነገሩ ግን እንደሚመስለው እብደት ብቻ አይደለም። እነዚያ ሰዎች የተረዱት ዓሣው ከሥጋው ይልቅ በውሃ ውስጥ መኖሩ ለከተማቸው፣ ለሆቴላቸው፣ ለጀልባ አከራያቸው የበለጠ እንደሚያተርፍ ነው። ትል ቆፋሪው የላንጋኖ ልጅ ከዚያ ትርፍ ድርሻ ቢኖረው ኖሮ የትኛውን ዓሣ መልቀቅ እንዳለበት ከማንም በተሻለ ያውቅ ነበር።

የዓሣን ማለቅ በዓይን ማየት ለሚሻ አብጃታ አለ። የዝዋይ ሐይቅ ትርፉን በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብጃታ ይልካል፤ ላንጋኖም በሆራ ቀሎ በኩል እንዲሁ ያደርጋል። ቡልቡላና ወደ ዝዋይ የሚገቡት መቂና ካታር ለመስኖ ሲጠለፉ፣ ከአብጃታም ራሱ ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ውሃ ሲሳብ፣ ሐይቁ ሸሸ፤ ጨውነቱ በረታ፤ ዓሣውም አለቀ። መንጠቆ አላጠፋውም፤ መረብም አላጠፋውም፤ ውሃው ራሱ ነው የከዳው። በፊት ፔሊካኖች ከጠላት ርቀው በሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ጎጆ ይሠሩ ነበር። የሻላ ውሃ ግን ለእነርሱ የሚበቃ ዓሣ ስለሌለው በየቀኑ ጫጩቶቻቸውን ትተው፣ ሞቃቱን አየር ተደግፈው በሁለቱ ሐይቆች መካከል ያለውን ኮረብታ ተሻግረው አብጃታ ያጠምዱና ጉሮሯቸውን ሞልተው ይመለሱ ነበር። አብጃታ ባዶ ከሆነ በኋላ ሲሳያቸውን ሩቅ ፍለጋ መሄድ ግድ ሆነባቸው።

ዛሬ በባቱ ዳርቻ ጀልባዎቹ በማለዳ ሲመለሱ ዓሣ የሚሰነጥቁት ልጆች አንጀቱን ወደ ኋላቸው ይወረውራሉ። አባ ኮዳዎች በረጅም እግራቸው ቆመው እንደ ሽማግሌ ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ ከመካከላቸው ፔሊካኖች ገብተው ይሻማሉ። ከጀልባው ጫፍ አንድ ሕፃን ልጅ እግሩን ውሃ ውስጥ ሰድዶ ተቀምጧል። በእጁ ጣሳ፣ በጣሳው ላይ ናይሎን፣ በናይሎኑ ጫፍ አንድ መንጠቆ አለ። በሊጥ ፋንታ የእንጀራ ፍርፋሪ ሰክቶበታል። ቡሹ ተነቃነቀ፤ ልጁ አልሳበም።